ባዶ ውሃ የጣደው እንግዳ

ኅዳር 12። ድስቱ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም የለም።

ሥራዬ ነው። ከላም እበት በሚወጣ ጋዝ የሚሠሩ ምድጃዎችን እሞክራለሁ። ለዚሁ ብዬ ሀቢቾ አካባቢ አንድ ገበሬ ቤት ሰንብቻለሁ። ውሃ እመዝናለሁ፣ እጥዳለሁ፣ ሲፈላ መዝኜ ደጅ እደፋለሁ። ከዚያ እንደገና...

ማዕድ ቤቱ ከመንገድ ይታያል። በሩን ደግሞ ጋዙ እንዳይታፈን ብዬ ዘግቼው አላውቅም።

የቤቱ እመቤት፣ የመሠረት እናት፣ ሥራዬን ስታይ ሰነበተች። ኅዳር 12 ጠዋት ግን ጎረቤቷ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ መጣች።

«በጸሎት እያሰብናችሁ ነው» አለቻት።

«ምን ሆንን?»

«ኧረ ምንም። ሰው ይቸገራል እኮ... ለእንግዳ ባዶ ውሃ እስከ መጣድ ግን...» ሳትጨርሰው ቆጮውን አስቀምጣ ሄደች።

የመሠረት እናት ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ለመሠረት ሽማግሌ ይመጣል።»

«ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ።»

«ባዶ ውሃ የሚፈላበት ቤት ማን ልጅ ይጠይቃል? ርቧቸው ነው፣ አንድ አፍ ሊቀንሱ ነው ይላሉ።»

ሙከራ መሆኑን አስረዳኋት። ምድጃው ካለፈ ለሌሎች ቤቶችም እንደሚታደል ጨመርኩላት።

«ለእኔ ምን ታስረዳለህ? ለጎረቤት አስረዳ። እስቲ ጎመን ልጨምርበት።»

«ጎመን ከገባ ሙከራው ይበላሻል።»

«ጎመን ደግሞ ምን ያበላሻል?»

ረጅም መልስ ነበረኝ። ተውኩት። ይሄ የመጨረሻው ድስት ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ አነሳዋለሁ አልኳት። የሚመጡት ከሰዓት ነው ተብሎ ነበር።

ጠዋት መጡ።

ባሏ አቶ ሎምበሶ ከፊት እየመራ ወደ ትልቁ ቤት ሲያሳልፋቸው፣ አንደኛው ሽማግሌ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። እኔ ቴርሞሜትር ይዤ ድስቱ ላይ አጎንብሻለሁ። ውሃው ሊፈላ ጥቂት ቀርቶታል። የመሠረት እናት የተከተፈ ጎመን በትሪ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። አልጨመረችም። ትሪውን ግን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ትሪውን ተቀብዬ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉ ሽማግሌው። እዚያ አገር ወንድ ድስት ላይ አጎንብሶ አይገኝም።

«ወንድሜ ነው» አለች፣ ምንም ሳታመነታ። «ከሆሳዕና ነው የመጣው። ሚስቱ ጥላው ሄዳ... ወጥ መሥራት ላስተምረው ብዬ ነው። ሰሞኑን ምንም ሳይጨምር ውሃ ብቻ እየጣደ ጎረቤት አስቆብን።»

አቶ ሎምበሶ መሬት መሬት ያያል። ከውጭ የቆሙት ሽማግሌዎችም ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ የበሩ ሽማግሌ። «ጨው አትርሳ።»

ቴርሞሜትሩን ኪሴ ከተትኩ። ሚዛኑን እዚያው፣ ምድጃውንም እንደነደደ ትቼ ወጣሁ።

የሙከራው መበላሸት ብዙም አልከነከነኝም። የከነከነኝ ሚስቱ ጥላው ሄደች ሲባሉ እንዲያ ፈጥነው ማመናቸው ነው።