ብዕር ሲቀመጥ የተባለው

አክስቴ ሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ አንድም ስህተት ተገኝቶባት አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ «ጆሮ» ይላት ነበር። ሙያው ያልተጻፈ ሕግ አለው፤ ሰብሳቢ መነጽሩን ካወለቀ ብዕር ይቀመጣል። መነጽሩ እስኪመለስ የሚባለው ሁሉ እንዳልተባለ ይቆጠራል።

አገራችን ከጎረቤቶቿ የጋራ ገበያ ለመውጣት ስትደራደር፣ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ ዓመት ከመንፈቅ ጻፈች። ስለ ቀረጥ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ጎማ፤ ያ ሁሉ ጉንጭ አልፋ ክርክር በእጇ አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ከድንበር ማዶ ወደሚኖሩት ሰዎቻችን ዞረ። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ እዚያ አግብቶ ወልዶ ሃያ ዓመት ፀጉር አስተካክሏል። የእኛው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው እየጠረጉ፣ «አሥር ዓመት የኖረ እዚያው ይቆይ» አሉ። የማዶው ሰብሳቢ፣ «ተስማምተናል» አሉ። አክስቴ ብዕሯን አስቀምጣ ነበር። መነጽሩ ሲመለስ ወሬው ዓሣ ሆነ።

ሰብሳቢያችን በሳምንቱ ሞቱ። ስምምነቱ ሲታተም ስለ አሥር ዓመት አንድ መስመር የለውም፤ የማዶዎቹም «አናስታውስም» አሉ። አጎቴ በሠላሳ ቀን ውጣ ተባለ። ይግባኝ ሲል አክስቴ ለምስክርነት ተጠራች።

«እንዲህ ያለ ነገር ተብሏል?» አሏት ዳኛው።

«ቃለ ጉባኤው ላይ የለም» አለች።

«ደግመው ቢጠይቁኝ እናገር ነበር» ትላለች። ዳኛው ግን አመስግነው አሰናበቷት። «ያልጻፍኩትን ብናገር ሠላሳ ዓመቴ ገደል ይገባል ብዬ ነው» አለችኝ። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ምነው በቀረብኝ! ተናድጄ ሦስት ቀን አኮረፍኳት፤ ከዚያ እኔም ለአጎቴ ሳልነግረው ቀረሁ።

አጎቴ አሁን የእኛ የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ሚስቱና ልጆቹ ማዶ ቀሩ። መቀሱን ከሻንጣ አላወጣም። አክስቴ ድንች ስትልጥ ድንገት ቆም ትላለች። «ሰማሽ? ተስማምተናል አሉ እኮ» ትለኛለች በሹክሹክታ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ውሸት ነው! ይኸው በቃል ያለው አልረሳ ብሎ ከቤታችን ገብቷል። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም መስማት ጀምሬያለሁ፤ ያስፈራኛል።

ትናንት ምሳ ላይ አጎቴ የአክስቴን እጅ ያዘ።

«እትዬ፣ ሁሉም ዋሽቶኛል። አንቺ ስብሰባው ላይ መገኘትሽ ነው የሚያጽናናኝ። ተብሎ ቢሆን ኖሮ ትነግሪኝ ነበር።»

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለችው።

እኔም ሾርባ ጨመርኩለት።