ጣትህን አታቁም

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ የስልክ መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። መንገዱ ከከፋ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ጥገና ሳይሆን ስልክ ማጠብ ሆኗል። ማጠብ ያልነው እኛው ነን እንጂ ውኃ የለበትም። ከከተማ የሚወጣ ሰው ኬላ ላይ ስልኩ እንደሚበረበር ስለሚያውቅ ፎቶውንም ዘፈኑንም ራሱ ያጠፋል። የሚረሳው አፑ ስለ እሱ የያዘውን ነው። አጫጭር ቪዲዮ የሚያሳየው አፕ ምን እንደፈለግክ፣ የቱ ላይ እንደቆየህ፣ የቱን ደጋግመህ እንዳየህ ይይዛል፤ በዚያው ልክም ያቀርብልሃል። ፈታሹ ከፍቶ ሦስት አራት ቪዲዮ ከገፋ ማን እንደሆንክ ያወቀ ይመስለዋል።

ይህን ያወቅኩት በአንድ ደንበኛዬ እጅ ነው። ልብስ ነጋዴ ነበር። ስልኩ ውስጥ አንድ ፎቶ እንኳ አልተገኘበትም፤ አፑ ግን ሲከፈት ቪዲዮው ሁሉ ተኩስ በተኩስ ሆነ። ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ አስዘርግተው በሌላ ድንጋይ ቀጠቀጡለት። ሱቄ ሲመጣ ስልኩን የከፈተልኝ በግራ እጁ ነበር። ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በቀጥቃጮቹ ብቻ አይደለም፤ ሰው ፈርቶ ያየውን ወዶ እንዳየው አድርጎ በሚያሳብቀው ስልክም ነው።

ከዚያ ወዲህ አጥፍቼ ብቻ አልመልስም፤ አዲስ ሰው እሠራለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩን ይዤ መዝሙር፣ ሠርግ፣ ኳስ፣ የበሬ ማድለብ እፈልጋለሁ። እስከ መጨረሻው አያለሁ፣ የመውደጃዋን ልብ እጫናለሁ። ጥይት ሲመጣ ቶሎ እገፋዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ባለቤቱን ረስቶ በሬ የሚያደልብ ዘማሪ አድርጎ ይይዘዋል። ሳስረክብ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር ነው፦ መጥፎ ነገር ቢመጣብህ ጣትህን አታቁም።

ታናሽ ወንድሜ ከቢላ ከተማ ወዲያ ባለች ቀበሌ አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲቃጠል በእግሩ ወጥቶ እኔ ዘንድ መጣ። እናታችን ግን ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም ብላ ቀረች። ብዙም ሳይቆይ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ድምጿ ከጆሯችን ራቀ።

ወንድሜ እናቱን በስልክ መፈለግ ጀመረ። የተቃጠለ መንደር ያያል፣ መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ ያያል፣ የሚጮኹ ሴቶችን አንድ በአንድ አቁሞ ፊታቸውን ያያል። አፑም ይህን ወደደ ብሎ ሌላ ሬሳ ያመጣለታል። ምሳ እየበላን ሬሳ! አንድ ቀን ስልኩን ነጥቄ ጮኽኩበት።

"ምን ላድርግ ኦቦሌቲ ኮ?" አለኝ። "ሀርሜን፣ እናታችንን፣ ሊያሳየኝ የሚችል ሌላ ማን አለ?"

እህቱ ነኝና ስልኩን መለስኩለት። በማግስቱ ሄጄ አመጣታለሁ ብሎ ተነሳ። ብቻህን አትሄድም አልኩት። ስልኩን አጠብኩለት፤ እንደዚያ የቆሸሸ ስልክ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሚኒባሳችንን አስቆሙት። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጽፍም፤ እዚያ መንገድ ላይ ሁሉም ስልክ ይፈትሻል። "ቡኣ! ውረዱ!" አሉን። ሾፌሩ በሩን ቶሎ አልከፈትክም ተብሎ በጥፊ ተመታ። አንድ ተሳፋሪ ቀና ብሎ አየ ተብሎ ሆዱን በእርግጫ አሉት፤ ዘርፈጥ ብሎ አስታወከ። ሌሎቻችን መሬት መሬት እያየን ተሰለፍን።

ፈታሹ ፂሙ የሸበተ፣ የንባብ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። የወንድሜን ስልክ ተቀብሎ አፑን ከፈተ። መዝሙር መጣ። ሙሽሮች መጡ። የሰባ በሬ መጣ። በሥራዬ ኮራሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሰውየው መነጽሩን አወለቀና ስልኩን መልሶ ለወንድሜ ሰጠው።

"ሜ፣ አንተ ግፋው" አለው።

ስክሪኑን አልነበረም የሚያየው፤ የወንድሜን አውራ ጣት ነበር። ወንድሜ ገፋ። መዝሙሩ አለፈ፣ በሬው አለፈ። ከዚያ የሚነድ ቤት መጣ። የፈለገውን ያህል ብታጥበው አፑ አልፎ አልፎ አካባቢው የሚያየውን ጣል ያደርጋል። ግፋው፣ ግፋው አልኩ በሆዴ። ጣቱ ቆመ። ጭራሽ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

"የማን ቤት ነው?" አለ ሰውየው።

ወንድሜ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ሰደፉ ጆሮው ላይ አረፈ። ሲወድቅ ሁለት ሌሎች ተጨመሩ፤ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ፊቱን በጫማ አሉት። "የእናቴ ነው አባ ኮ! የእናቴ ነው!" እያለ ይጮኻል፤ እነሱ ደግሞ በጮኸ ቁጥር ይመታሉ። ዘልዬ የአንዱን ክንድ ነከስኩ። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። አፌን በሰደፍ ሲለኝ ሁለት ጥርሶቼ ከደሙ ጋር ወጡ። ሽበታሙ ሰውዬ ተረጋግቶ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ብትንትኑ እስኪወጣ ቀጠቀጠው። ከዚያ ሚኒባሱን ወደ መጣችሁበት ብለው መለሱት።

ወንድሜ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ተኛ። ከጆሮው የሚወርደው ደም ቀሚሴን አራሰው፤ ያ ጆሮው ዛሬም አይሰማም።

"በሩ ላይ ቆማ ነበር" አለኝ። "ቢጫ ጀሪካን ይዛ እሳቱ ላይ ውኃ ትደፋለች። ፊቷን አየሁት። በሕይወት ነበረች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መታኝ።"

ቢላ፣ ቃጠሎ፣ ቤት እያልኩ በራሴ ስልክ ፈለግኩ፤ ሌሎች ቤቶች ብቻ መጡልኝ። ቪዲዮውን ማን እንደለጠፈው ወንድሜ አላየም። ስለዚህ የቀረኝን መንገድ ያዝኩ፤ ያ ቪዲዮ እንዲመጣልኝ ስልኬ እኔን ወንድሜ አድርጎ እንዲይዘኝ አደረግኩ። መዝሙሩን እገፋዋለሁ፣ ሙሽሮቹን እገፋቸዋለሁ። እሳት ሲመጣ እቆማለሁ። ሬሳ ሲመጣ እስከ መጨረሻው አያለሁ፣ ደግሜም አያለሁ። አሁን በዚህ ስልክ ከነቀምቴ መውጣት አልችልም፤ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ይገድሉኛል።

ትናንት ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ባልኩበት አንድ ቪዲዮ መጣ። ሰዎች አንድን ሰው በዱላ ይደበድባሉ። ቤት የለም፣ ጀሪካን የለም፣ ሴት የለችም። ሰውየው መሬት ላይ እየተንፈራገጠ ነው። ልገፋው ጣቴን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አወረድኩት። ካለፍኩት፣ አፑ መፈለግ የተውኩ ይመስለዋል።