የማን በግ አንጀት?

ያኔ ከአሰበ ተፈሪ ብዙ በማይርቅ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ነርስ ነበርኩ። ጠንካራው የናይለን ክር ንብረት ክፍል ተቆልፎበት፣ ሆድ የምንሰፋው በካትጉት ነበር። ካትጉት ከበግ አንጀት የሚሠራ ክር ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ችግሩ አንዳንዴ ቁስሉ ሳይጠግግ ቀድሞ መጥፋቱ ነው። ሐኪማችን ይህን ለንብረት ኃላፊው ጉሮሮው እስኪደርቅ አስረዳ።

"ጓድ ዶክተር፣ የቆየው ሳያልቅ አዲስ አይከፈትም" አለ ኃላፊው።

ካትጉቱ መቆየቱን እንኳ ማንም አይክድም፤ በዕድሜ ከኃላፊው ሹመት ይበልጥ ነበር። ከቦርደዴ የመጣች አንዲት ሴት በዚሁ ክር ተሰፍታ በአምስተኛው ቀን ስታስል ስፌቷ ተተረተረ። አልተረፈችም። ኃላፊው ግን ደንቡን አላጓደለም።

በወሩ አንጀታቸው የተጠማዘዘ ሽማግሌ ከመቻራ በጭነት መኪና መጡ። በዚያ ላይ ክፉ ሳል አለባቸው። ሐኪሙ የካትጉቱን ፓኬት አይቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ። እኔ ግን ተናደድኩ። ጎንበስ ብዬ "አባቴ፣ ሆድዎ የሚሰፋው በበግ አንጀት ነው" አልኳቸው።

ማቃሰታቸውን አቆሙ። "በጉን ማን አረደው?"

"አላውቅም። ከባሕር ማዶ ነው የመጣው።"

"ቢስሚላህ ብሏል?"

"እሱን ንብረት ክፍል ያውቃል።"

"ያ ረቢ! እኔ ሆድ ውስጥ ሐራም አይገባም!"

ኃላፊው ተጠርቶ መጣ። ሰኞ ሰኞ በውይይት ክበብ ስለ ሃይማኖት እኩልነት የሚያስተምረን እሱ ነበር። የሽማግሌው ጩኸት የት ድረስ ሊሰማ እንደሚችል ሲያስበው መሰለኝ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ለሳል እምቢ ያለው የናይለን ሳጥን ለበግ ተከፈተ።

ወሬው ሂርና ድረስ ወረደ። ታማሚው ሁሉ አልጋ ላይ ሳይወጣ ስለ በጉ ይጠይቀኝ ጀመር። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለሙስሊሙ "ክርስቲያን ነው ያረደው"፣ ለክርስቲያኑ "ሙስሊም ነው" እላለሁ። ናይለኑ አለቀ፤ የቆየው እንደቆየ ቀረ።

ሽማግሌው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳሉ፤ ስፌቱ ንቅንቅ አላለም። ሲወጡ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። ለቦርደዴዋ ሴት ክሩን ለሐኪሙ ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ከምን እንደተሠራ ያን ቀንም አውቅ ነበር። አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።