ጥላሸት ያልነካው ሳጥን

ዛሬ ጠዋት ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ኩሽና ውስጥ የጭስ መለኪያ ሳጥን ሰቀልኩ። ሴትዮዋ በሽርጣቸው ጫፍ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ። ወንበር ላይ እንደቆምኩ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ ተማሪ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲያችን፣ አንድ የምድጃ ፋብሪካና መንግሥት ተባብረው ጭስ አልባ ምድጃ ይሞክሩ ነበር። ፋብሪካው ይሠራል፣ እኛ እንዲህ ባለ ሳጥን የየቤቱን ጭስ እንለካለን፣ መንግሥት ደግሞ ጭስ ለጸናበት ቤት ምድጃውን በቅድሚያ ይሰጣል። እኔ ለሐበሾቹ ቤቶች አስተርጓሚ ነበርኩ። የገዛ ቤትን መለካት ስለማይፈቀድ የእኛ ቤት ለክፍል ጓደኛዬ ለኪማኒ ደረሰው። ምንም አላሳሰበኝም፤ ከእኛ ኩሽና የባሰ ከየት ይመጣል?

እናቴ ሳምቡሳ ጠብሳ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ወሩ ሐምሌ ነበር። የናይሮቢን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፀሐይ የለም፣ መስኮት አይከፈትም። ከዘይቱና ጂኮ ከምንለው የከሰል ምድጃ የሚወጣው ጭስ ቤቱን ሞልቶት፣ ሊጥ እየዳመጠች ትስላለች። ሳሏ ከግቢው በር ይሰማ ነበር። ሌላው ስለ ምርምር ሲያወራ እኔ የማስበው ደረቷን ብቻ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ ኪማኒ እየሳቀ መጣ። "ሆንጌራ!" አለኝ በስዋሂሊ፤ "እንኳን ደስ አለሽ፤ ከሰፈሩ ሁሉ ንጹሕ የእናንተ ኩሽና ነው።"

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

"እማዬ፣ ሳጥኑ ተሰቅሎ ሳለ የት ነበር የምትጠብሺው?"

"ውጭ ነዋ፣ ጂኮዬን አውጥቼ።"

"በዚህ ካፊያ? በዚህ ብርድ?"

"ታዲያ የሰው ዕቃ ጥላሸት አልብሼ ልመልስ? ነጭ እኮ ነው! ያንን ልጅ አለቆቹ ቢቆጡትስ?"

በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ትኩስ ሳምቡሳ ጨምራበት ነበር ለኪማኒ የመለሰችለት። ልጮህባት ፈለግኩ። ፊቷ ላይ ያለውን ኩራት ሳይ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለስኩ።

ምድጃው እንዳይቀርብን፣ ቤታችን እንደገና እንዲለካ ጥናቱን የሚመሩትን ፕሮፌሰር ለመንኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። "ለአንድ ቤት ብለን ከደገምን ጥናቱ ጥናት አይሆንም። በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን" አሉኝ። ፋብሪካው ከሥራው ወጣ፣ የሚቀጥለው ዙርም ቀረ። እናቴ አቅሟ እስኪከዳት በዚያው ጂኮ ጠበሰች። በኋላ ሐኪሙ የሳንባዋን ፎቶ ብርሃን ላይ ይዞ ሲያሳየኝ፣ ሳጥኑ ያላየውን ሁሉ አየሁት።

እስካሁን አንዳንዴ እናደድባታለሁ። ምነው እማዬ፣ ለአንዴ እንኳ ይሉኝታሽን ብትተዪው! ከዚያ ያንን ሳጥን እንደ ሕፃን ስትጠቀልለው ይታየኛል፤ ንዴቱም ለቅሶ ይሆናል።

ከወንበሩ ወርጄ የሴትዮዋን እጅ ያዝኩ።

"እትዬ፣ አይጥረጉት። እንደ ወትሮዎ እዚሁ ያብስሉ።"

"ኧረ ይጠቁርብሻል ልጄ! የሰው ዕቃ አይደለም እንዴ?"

"ይጥቆር፣ እትዬ" አልኳቸው። "በሞቴ፣ ይጥቆር።"