የፎገራ ቆዳ በባቡር ፍሬን

አያ አድማሴ በሬያቸውን ሊያስሩ ከግድግዳ ያወረዱት ጠፍር እጃቸው ላይ ተሰንጥቆ ቀረ። አምና ደህና የነበረ ቆዳ ነው። በሬው ማሳው ውስጥ ገብቶ ሩዙን ሲረጋግጥ እንኳ ዓይናቸው ከጠፍሩ አልተነሳም።

ምክንያት ነበራቸው። ጉልምስናቸውን የጨረሱት ከትውልድ ቀያቸው ከቁሐር ሚካኤል ርቀው፣ በምሥራቅ በረሃ፣ በጠባቡ ሐዲድ ላይ የምትሄድ ባቡር ሲጠግኑ ነው። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ባቆመ ጊዜ፣ የፍሬኑን አየር የሚይዘውን ጎሚኒ፣ የጎማውን ቀለበት፣ ከፎገራ በሬ ቆዳ ቆርጠው፣ ቅቤ አጠጥተው ገጠሙት። ያዘ! መዝገቡ ላይ ግን «አዲስ ተገጥሟል» ብለው ፈረሙ። የከብት አርቢ ልጅ በቆዳ ቢመካ ምን ይገርማል? ቅቤ ያጣ ቆዳ እንደዚህ ጠፍር ደርቆ እንደሚሰነጠቅም ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ባቡሯ ደግሞ ከቆመች ዓመታት አልፈዋል።

ነገ ጠዋት ቅርስ ተብላ፣ ተማሪዎች ጭና ቁልቁለቱን ልትወርድ ነው። በበዓሉ ላይ የሳቸው ስም «ባቡሯን ያቆዩልን ታማኝ ባለሙያ» ተብሎ ይነበባል። ይህን ትናንት ወረታ ገበያ ሳሉ ደውላ የነገረቻቸው የባቡሯ እድሳት ኃላፊ ሉሊት ናት።

ፈሩ።

«ልደውልላት ነው» አሏት ባለቤታቸውን ደብሬን።

«ሰው ስምህን ላንሳልህ ሲል አንተው ልትጥለው?»

ቤታቸው ኔትወርክ የለም። ስልኩን በፌስታል ጠቅልለው ባርኔጣቸው ውስጥ ወሸቁና፣ ክረምቱ ሜዳው ላይ ባስተኛው፣ ጉልበት በሚደርስ ጎርፍ ውስጥ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ ወረታ አስፋልት አቀኑ። የማያውቋቸው ልጆች ፊታቸው ላይ ድቅን እያሉ አስቸገሯቸው። ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጃቸው ቀድሞ የሄደው ወደ ባርኔጣው ነው።

አስፋልቱ ላይ እንደወጡ ደወሉ።

«ሉሊት፣ ልጄ፣ ያ የፍሬን ጎሚኒ ቆዳ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጆቹን እንዳትጭኗቸው!»

«ጋሽ አድማሴ… እኛ እኮ መዝገቡን አምነን አልፈታነውም። በሉ፣ ጉዞው ይቀራል።» ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ «ሌላስ? በርስዎ ፊርማ ያለው ሌላውስ?»

አያ አድማሴ ውሃ የሚንጠባጠብ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ መዝገብ ላይ ፈርመዋል።

«ወረቀት ያዢ» አሏት።