የተቆጡኝ ቀን

ዝናብ የመታው ፈረስ ሽታ ሆዴን ያባባዋል። ዛሬ ጠዋት አንድ ጋሪ በደጄ ሲያልፍ ያ ሽታ ገባና፣ ልጄ፣ እርጅናዬን አስጥሎ አገው ምድር፣ ቆሰበር አደረሰኝ።

ያኔ ንጉሡ በዙፋናቸው ነበሩ። እኔም ከአዲስ አበባ ወጥቼ የማላውቅ፣ ማስተማር ልለማመድ የተላክሁ ልጃገረድ ነበርኩ። ከጭነት መኪናው ስወርድ ጭጋጉ፣ የቀርከሃው አጥር፣ በየደጁ የታሰረው ፈረስ፣ ዓይኔን የት ላሳርፈው! ሰዉ በአገውኛ ሲነጋገር ስሰማ ባሕር ማዶ የተሻገርኩ መሰለኝ። ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እመቤት ቤት አስገባኝና፣ “ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ይዛ አትኖርም። እስከ ቅዳሜ ይዩሽ፤ ካልፈለጉሽ በመጣሽበት መኪና ትመለሻለሽ” አለኝ። እኔ ደግሞ ከምመለስ ሞቼ ልገኝ!

እመቤቲቱ እግሬን አጠቡኝ፤ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ላይ አስቀምጠው ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። ከሴት ልጃቸው ጋር በአገውኛ ይሳሳቃሉ። ወደ እኔ ሲዞሩ ግን ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው በአማርኛ፣ “ይብሉ እንጂ፣ አስተማሪ” ይሉኛል። እንስራ ባነሣ ይቀበሉኛል፤ መጥረጊያ ብይዝ ይነጥቁኛል። “እንግዳ አይሠራም፤ ነውር ነው።” እንግዳ ደግሞ ሲሰነብት ይሰለቻል። ሐሙስ ላይ ፍርሃት ገባኝ፤ እንዲህ የሚያከብሩት የሚሸኙትን ሰው ነው አልኩ።

ዓርብ ከሰዓት ዶፍ ወረደ። የሟቹ ፈረስ፣ የቤቱ ዓይን የሆነው፣ ገመዱን በጥሶ ነፋስ ወደ ከፈተው የግቢ በር ገሰገሰ። ልጅቱ ውኃ ወርዳለች። እመቤቲቱ ከጓዳ ብቅ ብለው በአገውኛ ጮኹብኝ። ቃሉ አልገባኝም፤ እጃቸው ግን በሩን ያሳያል። ፈረስ በቅርብ ያየሁት ገና በዚያ ሳምንት ነበር! ሮጥኩና በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ፈረሱ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ፤ ትንፋሹ ፊቴን አሞቀው። ገመዱን ስይዝ አንሸራትቶኝ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፤ አልለቀቅኩትም።

እመቤቲቱ ደርሰው ገመዱን ሲቀበሉኝም ቁጣቸው አልበረደም። ነጠላዬን እየጨመቁ፣ ጫማዬን እያሳዩ፣ በአገውኛ አወረዱብኝ። ልጅቱ እንስራዋን እንዳዘለች ደርሳ ሳቀች።

“ምን እያሉኝ ነው?”

“እኔን የሚሉኝን ነዋ! በዚህ ዝናም ጫማዋን የምታበላሽ ልጅ ከየት መጣችብኝ ነው የሚሉሽ።”

ሳቅኩም፣ አለቀስኩም። ያን ማታ ድንቹን የላጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልነጠቀኝም።

ቅዳሜ ከልጅቱ ጋር ፈረሱን ውኃ አጠጥተን ስንመለስ ዳይሬክተሩ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ገመዱን እንደያዝኩ ከአጥሩ ውጭ ጆሮዬን ጣልኩ።

“እንግዳዪቱ እንዴት ሆነችልዎ?”

“የምን እንግዳ?” አሉት። “ልጆቼ ፈረስ ሊያጠጡ ወርደዋል። ሌላ ሰው እዚህ ቤት የለም።”

እመቤቲቱ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ዛሬ በሄድኩበት ሁሉ ወንበር ይለቀቅልኛል፣ የያዝኩትን ይቀበሉኛል፣ “እርስዎ ይቀመጡ” ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ጫማዬ ቢበሰብስ ግን የሚቆጣኝ የለም።