ቀድሞ የደረሰ ይለፍ

ወዳጆ መሐል ሜዳና ደብረ ብርሃን መካከል አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ቁጭ ብሎ የመንጃ ሕግ ያጠናል ብሎ ማን ያስባል? ነገሩ እንዲህ ነው። ሞባይል መሐል ሜዳ በገባ ሰሞን ደቡብ አፍሪካ ያለው የሚስቱ ወንድም በኃይሉ ደወለና የዳቦ መኪና የሚነዳለት ሰው የሚፈልግ አሠሪ ማግኘቱን ነገረው። አሠሪው ግን የአገሩን የመንገድ ሕግ ሳይጠይቅ ቁልፍ አይሰጥም፤ መመለስ ያቃተው ዳቦ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። በኃይሉ የሕጉን መጽሐፍ በሰው እጅ ላከለት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ደግነቱ ሚስቱ እስከዳር አስተማሪ ናት።

«በግራ ነው የሚነዱት» አለችው ገና ከመጀመሪያው ገጽ።

«በስመ አብ! እያወቁ?»

ግራውንስ ለመደው። ያስቸገረው ሌላ ነው። እስከዳር ጠረጴዛው ላይ አራት ባቄላ በመስቀለኛ ደርድራ፣ «አራት መኪና ከአራት አቅጣጫ መጥተው ቆሙ። መብራት የለም፣ ትራፊክ ፖሊስ የለም። ማን ይለፍ?» አለችው።

ባቄላዎቹን ትክ ብሎ አየና፣ «ሽማግሌ ያለበት የትኛው ነው?» አላት።

«ምን አገባህ! ቀድሞ የደረሰ ይለፍ ነው የሚለው።»

«ቄስ ቢሆንስ?»

«ጳጳስም ቢሆን!»

ወዳጆ ተናደደ። ነውር ነው እኮ! መንዝ ውስጥ ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በመድኃኔዓለም!» እየተባባለ ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ ታላቁን ቀድሞ የሚገባ የለም። መንገድ ላይም ያው ነው፤ ወዳጆ ሽማግሌ ካየ ጭነት ይዞ ዳገት ላይም ቢሆን ፍሬን ይይዛል። በኃይሉ በስልክ ሳቀበት። «እዚህ አንተ እለፍ፣ አንተ እለፍ ስትል ከኋላ ይገጩሃል። ይሄን አመልህን እዚያው ጥለህ ና።»

አመል መጣል ቀላል መሰላችሁ? ወዳጆ ልምምድ ጀመረ። ወፍጮ ቤትም ሆነ ሱቅ፣ ቀድሞ ከደረሰ ዓይኑን ጨፍኖ ቀድሞ ይገባል። የጽዋ ማኅበር ዕለት ሽማግሌዎቹን በር ላይ አቁሞ ሲገባ፣ ጎረቤታቸው ጥሩሸዋ እስከዳርን ጠጋ ብላ «ጠበል ውሰጂው» አለቻት። እስከዳር በሳቅ ሞተች። እሱ አልሳቀም።

የሚያስጨንቀው ነገር ነበረዋ። አባቱ አቶ ገብረ አማኑኤል ጉዞውን አልመረቁለትም። «ማን ሊቀብረኝ ነው የምትሄደው?» ብለው ፊታቸውን አዙረውበታል። ያለ አባቱ ምርቃት ደግሞ ወዳጆ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ቁርጥ ነው። ስለዚህ የመሄጃው ቀን ሲቃረብ አይሱዙውን አስነሥቶ ጓሳ ዳር ወዳለው የአባቱ ቤት አቀና።

ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። ጠባቡ ድልድይ አፍ ሲደርስ ከማዶ በርኖስ የለበሱ ፈረሰኛ ብቅ አሉ። ሽማግሌ መሆናቸው ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። የወዳጆ እግር ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ወዲያው ባቄላዎቹ ትዝ አሉት። ቀድሜ ደርሻለሁ አለና ነዳ። ፈረሱ ደንብሮ ከመንገዱ ወጣ፤ ፈረሰኛው ልጓሙን ስበው እንደ ምንም ቦይ ውስጥ ቆሙ። አጠገባቸው ሲደርስ መልካቸውን አየ። አባቱ ናቸው።

ወርዶ እየሮጠ እግራቸውን ያዘ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ! አላወቅሁዎትም!»

«እኔስ አውቄሃለሁ» አሉት። «መኪናህን በድምፁ ነው የምለየው። ይቆማል ብዬ ነበር። እኔ እኮ ልመርቅህ ወደ አንተ ስመጣ ነው።»

ወዳጆ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እየተንተባተበ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ባቄላዎቹ፣ ስለ ሕጉ ነገራቸው። ኮርቻቸው ላይ እንዳሉ ሰሙት።

«ሽማግሌ ቢሆንም አይቆሙለትም?»

«አይቆሙለትም፣ አባዬ።»

«አንተ እዚያ ስታረጅስ?»

ይህን መጽሐፉም አይናገርም።

አባቱ ከፈረሱ ወረዱ። አልተቆጡም፤ ፈርተውለታል እንጂ። እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። «ሂድ ልጄ። እንዳይገጩህ ሕጋቸውን አክብር። ስትደክም ግን፣ ተሳስቶም ቢሆን ‹እርስዎ ይቅደሙ› የሚልህ አንድ ሰው አይጥፋ።»

«አሜን» አለ ወዳጆ፤ እንባው ቀደመው።

ሽማግሌው ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አይሱዙውም በአንደኛ ማርሽ ከፈረሱ ኋላ ኋላ፣ መንገዱ በሰፋበትም ሳይቀድም፣ እስከ ደጃፋቸው ድረስ ተከተለ።